ደስ እና ደሺታ

በአጎቴ ኬድር ጋራዥ፣ ከጅቡቲ የገባች አሮጌ መኪና፣
በሯ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አየሁና
«ምን ይላል?» አልኩት።
«ጃፓንኛ ነው፤ አርፈሽ ብሎን አቀብዪኝ።»
ብሎኑን አቀበልኩት። ጽሑፉ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ታይዋን ገበያ ወረድኩ፣ ወደዚያ የሸቀጥ ጫካ፣
(ስሙ ታይዋን ቢሆንም ጃፓንም ይሸጣል ለካ)
ሬዲዮ ከሚጠግን ልጅ መጽሐፍ በሠላሳ ብር ገዛሁ፤
ፎቶ ኮፒ ነው፤ ሽፋን የለው፣ አንደኛው ትምህርት የለው፣
በሁለተኛው ገባሁ።

ቀትር ላይ፣ ድሬ በሯን ዘግታ ስትተኛ፣
ባጃጁ ሁሉ ከከዚራ ዛፍ ሥር ሲያንቀላፋ እንደ ዘበኛ፣
እኔ ሲሚንቶው ላይ በሆዴ ተኝቼ፣
እሱ ሲያበርደኝ፣ ደብተሬን ዘርግቼ፦

ግሱ መጨረሻ ነው! ልክ እንደ እኛው።
«እኔ ዘይቱኑን...» ብዬ ቆም ካልኩ፣ ሰሚው
ልብላው፣ ልሽጠው፣ ለፍየል ልጣለው
አያውቅም፤ ዝም ብሎ አፌን ያያል።
ለካ የጃፓንም ሰው አፍ ሲያይ ይውላል።
የእኛን «ን» የምትተካ «ኦ» የምትባል ቁራጭ አለቻቸው፣
ቃሉን በጭራው ይዛ ለግሱ የምታቀብል፣
እንደ ፉርጎ መንጠቆ።

ፉርጎ ስል አባቴ ከአልጋው ቀና አለ።
ሙሴ አብዶሽ ይሉታል ሰፈሩ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ነው ያለፈው ዕድሜው፣ ክብሩ።
«በፈረንሳይኛ» አለኝ፣ «ግሱ መሐል ነው፣
እንደ አዋሽ ጣቢያ፣ ምሳ በልተሽ የምታልፊው።
ይሄ ያንቺው ግን ሞተሩ ከኋላ የሚገፋው ባቡር ነው።»
አሰብ አደረገና፦ «ይነዳል። እስከ ሽንሌ ነድቼዋለሁ።
አንገት ያማል እንጂ።»

በሦስተኛው ቀን «ነው»ን አገኘሁ።
«ደሱ» ብለው ይጽፉና ጫፏን ውጠው «ደስ» ይሏታል።
ደስ!
መጽሐፍ ደስ። ውሃ ደስ። ሙቀት ደስ።
መብራት ሄደ፤ ጨለማ ደስ።
«አባቴ ባቡር ነጂ ነው» — ቺቺ ዋ ኡንተንሺ ደስ።
ጮክ ብዬ አነበብኩለት።
«ሰውዬው ምን አግኝቶ ነው ደስ ያለው?»
«ነው ማለት ነው፣ አባ።»
«መሆን ብቻውን ደስ ካላቸው፣
ደህና ሰዎች ናቸው።»

አራተኛው ትምህርት መልመጃ አለው፦
ከላይ የጻፍከውን ሁሉ ወደ ኃላፊ ጊዜ ለውጠው።
ለወጥኩት። መጽሐፍ ነበር፣ ውሃ ነበር፣ በሙሉ።
«ደስ» ሲያልፍበት «ደሺታ» ነው አሉ፤
ከደስታ ተነስቶ፣ ለጆሮ፣ በሽታ አጠገብ ሲያድር።
አምስተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

የድሮው ሐዲድ ላይ ፍየል ይግጣል።
አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጪ ያልፋል፤ ፊሽካው አይሰማም።
አባቴ ግን ዛሬም ሌሊት አስር ሰዓት ይነሳል፣
ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ደጅ ይቆማል፣
ለማንም ምንም አይልም።

ቺቺ ዋ ኡንተንሺ ደሺታ።
«አንብቢው» አለኝ። አነበብኩት።
«ነበር ነው ያልሽው?»
«መልመጃው ነው፣ አባ።»
«ጡረታ የወጣሁት እኔ፤ ነጂነቴን ማን አስወጣው?
አጥፊው!»

በእስክሪብቶ ነበር የጻፍኩት። በምራቄ ፈተግኩት፣
ወረቀቱ ተበሳ።
በቀዳዳው በኩል የሚቀጥለው ገጽ ይታያል፣
ኬድር ያስጻፈኝ የፍሬን ሸራ ሒሳብ፦ ስምንት መቶ ምናምን ይላል።

ትናንት ስድስተኛው ላይ ደረስኩ።
ለነገ ብቻ የተቀመጠ ግስ የላቸውም፤ እንደ እኛው
«ይመጣል» ካሉ፣ ዛሬም ነው፣ ነገም ነው።
«ባቡር ይመጣል በይልኝ።»
«ኪሻ ጋ ኪማስ።»
«መቼ እንደሆነ አይልም?»
«አይልም።»
«ደህና ቋንቋ ነው» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

የዚያች መኪና ጽሑፍ? እሱ ሌላ ፊደል ነው፣
ሺህ በሺህ ሥዕል፣ ገና ያልደረስኩበት።
መኪናዋም ተሸጣ ወደ ጭሮ ሄዳለች።
ሰማያዊ ናት፣ ግራ በሯ ላይ ነው፣ ከመያዣው በታች።
መንገድ ላይ ካያችኋት
ገልብጡልኝ።